ካርቦንና መዳብ የሚገናኙበት

ፔካ 12 ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚያድር ከባድ መኪና ካያችሁ ሞተሪኖው ታሟል ማለት ነው። ሹፌሩ ካጠፋው ጠዋት እንደሚነሳለት አያምንም። ካልተነሳለት ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፣ ተራው ያልፋል፣ ከኋላው የቆሙት ጥሩምባ ይነፉበታል። ተሳቢ የሚጎትት የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ታክሲ ተገፍቶ አይነሳም። ስለዚህ ናፍጣውን እያቃጠለ፣ ራሱም ጋቢና ውስጥ በጩኸቱ መሀል እየተገላበጠ ያነጋል። ሲነጋ መጀመሪያ የሚያፈላልገው ኤሌትሪሺያኑን ነው።

እኔም እዚያ ስደርስ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ኤሌትሪሺያኑ ጠረጴዛ ነው። ስለ ወደቡ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ሰልፉ ብዙ ይወራል፤ ያን ሁሉ መኪና ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳው እጅ ግን እምብዛም አይነሳም። ቀረብ ብሎ ላየው በጣም የረቀቀ እጅ ነው።

ፔካ 12 ከጅቡቲ ከተማ መሀል 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ የሚገኝ የከባድ መኪና ማረፊያ ሠፈር ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተከፍቶ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ በአብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ማዳበሪያና ስንዴ፣ ብረትና ኮንቴይነር ለመጫን የሚወርዱት የኢትዮጵያ መኪናዎች ተራቸውን እዚህ ይጠብቃሉ። ከዚህ ተነስተው በዲኪል አድርገው ጋላፊ እስኪደርሱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያም ዲቼኦቶ፣ ሰርዶ፣ ሰመራ፣ ሎጊያ፣ ሚሌ እያለ ሙቀቱ አይለቅም። ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ነፋሱ አቧራ ያመጣል፣ ባሕሩ ጨው ያመጣል፣ ከጭነቱ የሚበነው ማዳበሪያ ደግሞ እርጥበት እየሳበ ብረቱንም መዳቡንም ይበላል። ለኤሌትሪክ ሞተር ከዚህ የከፋ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ስለ እሳቸው የምጽፈው ባለሙያ ሹፌሮቹ «ጋሼ» የሚሏቸው፣ ሙያውን ድሬዳዋ የተማሩ ሰው ናቸው። ያላቸው የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ የታሰረ ሞርሳ፣ ሁለት ትልልቅ ባትሪዎችና አንድ ረዳት ልጅ ነው። ካቻቢቴውና ፒንሳው በመጠን በመጠን ተደርድሮ ጨርቅ ላይ ይተኛል፤ አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። የሁለት መኪና ብሎን ጠረጴዛው ላይ ተቀላቅሎ አይቼ አላውቅም።

ሞተሪኖ ትልቁን የናፍጣ ሞተር ቀስቅሶ የሚያስነሳው ኤሌትሪክ ሞተር ነው። በከባድ መኪና ላይ በ24 ቮልት ይሠራል፤ ጉልበቱ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 8 ኪሎዋት ይደርሳል። የሚሠራው ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ነው፤ በእነዚያ ሰኮንዶች ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይስባል። ያው አንዱ ኤሌትሪክ ዳር ዳሩን በተጠመጠመው መዳብ አልፎ፣ በካርቦኑ በኩል ወደሚዞረው አርማቸር ይገባል። አምፒሩ ሲጨምር የዳሩ ማግኔትም የሚዞረው ክፍልም አብረው ይጠነክራሉ፤ አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ አራት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ትንሹ ጥርስ ትልቁን ቮላኖ ጎትቶ ሊያዞረው የቻለው በዚህ ነው።

አንድ ቀን ከሲኖትራክ የወረደ ሞተሪኖ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ጋሼ ሳይፈቱት በፊት በሹል መርፌ በቀፎውና በክዳኑ ላይ የሚያልፍ ቀጭን መስመር ጫሩበት። ክዳኑ ተመልሶ ሲገጠም በአንዲት ዲግሪ እንኳ እንዳይዛነፍ ነው። ካርቦኖቹ የተሰኩበት ቦታ ከማግኔቱ አንጻር የራሱ ማዕዘን አለው፤ ያ ማዕዘን ሲዛባ ሞተሩ ይዞራል፣ ነገር ግን እሳት እየተፋ ነው። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ይህ መስመር አይጫርም። እኔ አንድን ኤሌትሪሺያን ለመለካት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ከዚያ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት። ቀጥሎ ውስጡን ወደ ፀሐይ አዙረው ለሹፌሩ አሳዩት። ግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን የብረት ነጠብጣቦች ተለጥፈዋል።

«ቁልፉን ይዘህ ስንት ትቆያለህ ልጄ?»

«እስኪነሳ ነዋ ጋሼ።»

«ይኸው የያዝከው እዚህ ተረጭቷል።»

ነጠብጣቡ የብየዳ ሊድ ነበር። በሞተሪኖ አርማቸር ውስጥ ያለው ጥምጥም ክር የሚያህል ሽቦ ሳይሆን ወፍራም የመዳብ ዘንግ ነው፤ የእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ ካርቦኑ ከሚንሸራተትበት የመዳብ ክብ፣ ከኮሙቴተሩ ጋር በሊድ ይያያዛል። ተራ ሊድ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል። ሹፌሩ ቁልፉን ሲይዘው ሙቀቱ ወጣ፣ ሊዱ ቀለጠ፣ አርማቸሩ እየዞረ ነውና ወደ ግድግዳው ወረወረው። በማግስቱ ዘንጎቹ ከኮሙቴተሩ ጋር እየተነካኩ እንጂ ተያይዘው አልነበሩም። የከባድ ሞተር ሠሪዎች በአንድ ጊዜ ከ30 ሰኮንድ በላይ አታስነሱ፣ ካልተነሳ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት የሚሉት ለዚህ ነው። ጋሼ ይህን ምክር ለሹፌሩ የሰጡት ነጠብጣቡን በጣቱ አስነክተው ነው።

ጥገናው በጥድፊያ የሚሆን አይደለም። የእያንዳንዱን ዘንግ ጫፍ ጥቁሩ እስኪለቅ ድረስ ፈገፈጉት፤ ንጹሕ መዳብ ካልታየ ሊድ አይጣበቅም። የብየዳ ካውያቸው የቡጢ ያህል መዳብ ነው፤ በጋዝ ያግሉታል፣ ምክንያቱም ቀጭኑ የሬዲዮ ካውያ ያን ያህል መዳብ ማሞቅ አይችልም። አርማቸሩን ደግሞ ኮሙቴተሩ ያለበትን ጫፍ ወደ ታች አዘንብለው ነው ያሰሩት። ቢያስተኙት የቀለጠው ሊድ ወደ ኋላ ሮጦ ጥምጥሙ ውስጥ ይገባና ሁለት ዘንግ ያገናኛል፤ ሲያዘነብሉት ግን ሊዱ መድረስ ባለበት ቦታ ይቆማል። ይህን ያደረጉት ሲጨዋወቱ፣ እጃቸውን ሳያዩት ነው። አንዱን ዘንግ ከጨረሱ በኋላ ካውያውን ወዲያው አያነሱም፤ ሊዱ መዳቡን ረግጦ ሳይሆን ውስጡ ዘልቆ እንደገባ ከቀለሙ ያውቁታል። ሲበርድ ጠርዙ ጠፍቶ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ቁልል ብሎ የቀረውን እንደገና ይሠሩታል።

ከዚያ ፍተሻ ነው። ከአሮጌ ትራንስፎርመር ብረት ራሳቸው የሠሩት መፈተሻ አላቸው፤ አርማቸሩን ላዩ ላይ አጋድመው መብራት ይለቁበታል። የሴጌቶ ምላጭ በአርማቸሩ ላይ በስሱ ያስጠጉና ቀስ እያሉ ያዞሩታል። ውስጥ የተነካካ ጥምጥም ካለ ምላጩ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ይንዘረዘራል፣ ይሳባል። የዚያን ዕለት ምላጩ ዝም አለ። ጋሼ ግን እንደገና አንድ ዙር አዞሩት፤ ልጁም ምላጩን ተቀብሎ ለራሱ አዞረው። እጁ እንዲለምደው ነው።

አሁን ወደ ኮሙቴተሩ እንምጣ፤ ለእኔ የሙያው ሁሉ ጣዕም ያለው እዚህ ነው። ኮሙቴተር ሠላሳ ያህል የመዳብ ቁራጮች ዙሪያውን ተደርድረው፣ በእያንዳንዱ መካከል ቀጭን ሚካ ገብቶ የተሠራ ክብ ነው። ካርቦኑ በሞላ ተገፍቶ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። በመቶዎች የሚቆጠረው አምፒር ሁሉ የሚያልፈው በዚህ በሚንሸራተት ነገር በኩል ነው፤ ያልተበየደ፣ ያልታሰረ፣ ተጠግቶ ብቻ የሚሠራ። የሞተሩ ጥሩነት የሚወሰነው እዚያች ፊት ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ኮሙቴተሩ ክብነቱን ካጣ ካርቦኑ ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር ብልጭታ ይወጣል፤ ብልጭታው መዳቡን ይበላና የበለጠ ያዘልለዋል። ስለዚህ ቶርኖ ላይ ይላጫል። ጋሼ ቶርኖ የላቸውም፤ አርማቸሩን አቅፈው ሰፈሩ ውስጥ ካለ ቶርኖ ቤት ወስደው ከባለ ቶርኖው ትከሻ አጠገብ ይቆማሉ። ንግግራቸው አንድ ነው፦ «ጥቂት፣ ጥቂት ብቻ።» መዳቡ አንዴ ከተላጨ አይመለስም። ዓላማቸው ከመሃል ያለው መዛነፍ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ሦስት ወይም አራት እንዳይበልጥ ነው፤ ከፀጉር ክር ያነሰ ማለት ነው። ጠቋሚው ሲንቀሳቀስ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አይነቅሉም።

ሲመለሱ የቀራቸው ሥራ ከሁሉም ይረዝማል። ሚካ ከመዳብ ይጠነክራል። መዳቡ ሲያልቅ እሱ ቶሎ ስለማያልቅ ብቅ ብሎ ይቀርና ካርቦኑን ያነሳዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የመዳብ ቁራጭ መካከል ያለው ሚካ በግማሽ ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ለዚህ የሚሸጥ መሣሪያ አለ፤ ጋሼ ግን የተሰበረ የሴጌቶ ምላጭ ወስደው ሁለት ጎኑን በድንጋይ አሹለው፣ ውፍረቱን ከሚካው ውፍረት ጋር እኩል አድርገው፣ ጨርቅ ጠምጥመውበት እጀታ ሠርተውለታል። ምላጩ ሰፋ ካለ መዳቡን ይፍቃል፤ ጠበብ ካለ ዳር ዳሩን ሚካ ይተዋል። የእሳቸው ልክ ገብቶ ልክ ይወጣል። አንዱን ስንጥቅ ወደ ራሳቸው እየሳቡ ሦስት አራት ጊዜ ይሄዱበታል፣ በትንፋሽ እፍ ይሉታል፣ በጥፍራቸው ጫፍ ይዳስሱታል፣ አርማቸሩን አንድ ቁራጭ ያዞሩትና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሠላሳውም እንዲሁ። ሲጨርሱ የመዳቡን ሹል ጠርዝ በስሱ ያበርዱታል፤ ካልበረደ ካርቦኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። መጨረሻ ላይ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል። ለብረት የሚሸጠውን ጥቁሩን ወረቀት አያስነኩትም፤ ብናኙ ኤሌትሪክ ያስተላልፋል፣ ስንጥቁ ውስጥ ከቀረ ያን ሁሉ ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

የካርቦን ምርጫውም ዓይን ይጠይቃል። ገበያ ላይ በመልክ የሚመሳሰሉ ካርቦኖች ተደርድረው ይሸጣሉ። ጋሼ በቢላ ጫር ያደርጉታል፤ የተጫረው ቀላ ካለ መዳብ የተቀላቀለበት ነው፣ ለሞተሪኖ የሚሆነውም እሱ ነው። ጥቁር ሆኖ ከቀረ የዲናሞ ነው፤ ዲናሞው ላይ ጥቂት አምፒር ብቻ ስለሚያልፍ ችግር የለውም፣ ሞተሪኖ ላይ ግን ኤሌትሪኩን አፍኖ ጉልበት ያሳጣዋል። ሞላውን ደግሞ በአንጠልጣይ ሚዛን እየሳቡ ይለኩታል። አንዱ ጎን ከሌላው ከላላ ሁሉም ኤሌትሪክ በጠበቀው በኩል ይሮጥና ያን ካርቦን ያቃጥለዋል። አራቱንም እኩል ሳያደርጉ አይገጥሙም። ከተገጠመም በኋላ ጠፍጣፋው ካርቦን ከክቡ ኮሙቴተር ጋር በሙሉ ፊቱ እንዲገናኝ የብርጭቆ ወረቀት ኮሙቴተሩ ላይ ጠቅልለው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙታል። ሲያወጡት የካርቦኑ ፊት ጎድጎድ ብሎ ዳር እስከ ዳር ያብረቀርቃል።

ሹፌሩ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ እግረ መንገድዎን ትንሽ ጉልበት ይጨምሩበት» አላቸው። ብዙ ሹፌር ይህን ይላል። ጋሼ ሳቅ ብለው፣ «ጉልበቱ አልጎደለም፤ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። ገመድህን ፈትተህ አምጣልኝ» አሉት። ገመዱ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራሙ ነው። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 600 አምፒር በሚያልፍበት ገመድ ላይ የአንድ ኦም አንድ ሺኛ ብቻ ተጨማሪ መከላከል ቢኖር 0.6 ቮልት እዚያው ይቀራል፣ 360 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንዲህ ያሉ አራት አምስት ቦታዎች ሲደመሩ ከ24 ቮልቱ ሁለት ሦስቱ ሞተሪኖው ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ሙቀት ራሱም ይጨምርበታል፤ መዳብ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲወጣ የመከላከል ኃይሉ 30 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከባድ መኪና ጋላፊ ላይ ከሞቀ በኋላ አልነሳም ብሎ ሌሊት ሲበርድ የሚነሳው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ጥበብ እጅግ ባነሰ መጠን ሌላ ዓለም አለው። አንድ ሹፌር ለልጁ ከከተማው ገበያ የገዛትን የሪሞት መኪና ይዞ ወደ ጋሼ ሲመጣ አጠገባቸው ነበርኩ። አዲስ ናት፣ ግን አትሄድም። ውስጧ ያለው 540 የሚባለው ሞተር ነበር፤ ውፍረቱ 36 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ በዓለም ዙሪያ የሪሞት መኪና እሽቅድምድም የቆመበት ሞተር። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 ፖርሸ 934ን በዚህ መጠን ባለ ሞተር ሠርቶ ካወጣ ወዲህ ከመጫወቻነት አልፎ ብርቱ ውድድር ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ካሊፎርኒያ ዴል ማር ላይ የዓለም ሻምፒዮና ተካሂዶበታል።

የዚያ ውድድር ሰዎች ምን ያደርጉ እንደነበር ለጋሼ ስነግራቸው በጥሞና ነው የሰሙኝ። «ስቶክ» በሚባለው ምድብ ሁሉም የሚወዳደረው በእኩል ሞተር ነበር፤ ጥምጥሙ 27 ዙር፣ ሽቦውም የተወሰነ። ማንም ዙር መቀነስ፣ ሽቦ ማወፈር አይፈቀድለትም ነበር። ታዲያ አንዱ ከሌላው የሚበልጠው በምንድነው? ጋሼ በጠረጴዛቸው ላይ በሚያደርጉት ነው። ተወዳዳሪው በሳጥን የሚያዝ ትንሽ ቶርኖ ይዞ ይሄድ ነበር፤ መቁረጫው አልማዝ ነው። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ባለው ዕረፍት ኮሙቴተሩን በሚሊሜትር መቶኛ ይላጨዋል። ያ ኮሙቴተር ሦስት ቁራጭ ብቻ ያለው፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ነው። ካርቦኑንም ይመርጣል፦ ብር የተቀላቀለበት ኤሌትሪክ በደንብ ያሳልፋል፣ ግን መዳቡን ቶሎ ይበላል። ሞላ ይቀያይራል፦ መታጠፊያ የበዛበት ሜዳ ላይ ጠንከር ያለ ሞላ ካርቦኑን አስጠግቶ ይይዘዋል፣ ሰበቃው ግን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቀጥ ያለ ረጅም ሜዳ ላይ ላላ ያለው ይሻላል።

እጁ ያልታሰረበት ምድብ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ምርጫው ከዙር ቁጥር ይጀምራል። ዙሩን በግማሽ ብትቀንሱ፣ በዚያው ቮልቴጅ ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ከእያንዳንዱ አምፒር የሚገኘው ጉልበት ግን በግማሽ ይወርዳል። የጎደለውን ጉልበት ለማግኘት ብዙ አምፒር ይስባል፣ ይሞቃል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ጀማሪ ሁልጊዜ ዙሩ አነስ ያለውን፣ የሚጮኸውን ይገዛል። የበሰለው ተወዳዳሪ የሜዳውን ርዝመት አይቶ፣ ከታጠፈ በኋላ መኪናዋን ቶሎ የሚያወጣላትን ይመርጣል፤ ቀሪውን በፒኞኑ፣ ማለትም ሞተሩ ላይ ባለው ትንሽ ጊር፣ የጥርስ ቁጥር ያስተካክላል። ፒኞኑ ላይ አንድ ጥርስ መጨመር ሩጫውን ሊቀይረው ይችላል፤ ሙቀቱንም እንዲሁ። ከሩጫው እንደወጣ የሞተሩን ሙቀት የሚለካው ለዚህ ነው። ከ70 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ጥርስ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ማግኔት ከመጠን በላይ ሲሞቅ ጉልበቱን ያጣል። ታይሚንግም አለ፦ ካርቦኖቹ የተያዙበትን ክዳን አርማቸሩ ከሚዞርበት አቅጣጫ ተቃራኒ ትንሽ ማዞር ፍጥነት ይጨምራል። ካበዙት ሞተሩ አምፒር እየበላ ጉልበት ያጣል። ጋሼ በመርፌ የሚጭሩት መስመር የሚጠብቀው ያንኑ ማዕዘን ነው።

ዛሬ የሪሞት መኪና ውድድር በአብዛኛው ካርቦን ወደሌላቸው ሞተሮች ሄዷል። ኮሙቴተር የለም፣ የሚላጭ የለም፤ 17.5 ወይም 13.5 ዙር የሚባሉ ምድቦች ውስጥ ሰው የሚጫወተው በታይሚንግ፣ በሚዞረው ማግኔት ምርጫና በጥርስ ነው። ከፔካ 12 ብዙም በማይርቀው ናጋድ ጣቢያ የሚደርሰው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ኤሌትሪክ ባቡርም የሚሳበው በእንዲህ ዓይነት ካርቦን አልባ ሞተር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በየከተማችን የበዙት የኤሌትሪክ መኪናዎችም የሚነዱት ካርቦን በሌለው ሞተር ነው። ከባድ መኪናው ግን ገና በአብዛኛው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣ እስካለ ሞተሪኖ አለ።

ወደ ልጁ መኪና ልመለስ። ጋሼ የሞተሩን ቀፎ ጆሮዎች በትንሹ ካቻቢቴ አቃንተው ክዳኑን አወጡት። የነበራቸው መነጽር አልበቃቸውምና ረዳታቸው ስልኩን አብርቶ ያዘላቸው። አንደኛው ካርቦን መያዣው ውስጥ ተጣብቆ ኮሙቴተሩ ጋ አይደርስም ነበር፤ መያዣው ጠርዝ ላይ ጥቂት ትርፍ ነሐስ ቀርቷል። በመርፌ ጫፍ ፋቁት፣ ካርቦኑን አስገብተው አስወጥተው በራሱ ክብደት እስኪንሸራተት ድረስ ደጋገሙት። ሦስቱን የመዳብ ቁራጮች በደቃቅ ወረቀት አለሰለሱ። መካከላቸው ያለውን ስንጥቅ በክብሪት እንጨት ጠረጉ፤ ብረት እንዳይነካው ነው። ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ ላይ ጠብታ ዘይት አደረጉና የተረፈውን ወዲያው ጠረጉት፤ ዘይት ካርቦኑ ጋ ከደረሰ ብናኙን ጭቃ ያደርገዋል።

ከዚያ ያደረጉት ነገር አስደነቀኝ። ሞተሩን ከመኪናዋ ባትሪ ጋር አላገናኙትም። ሁለት የባትሪ ድንጋይ አምጥተው፣ በ3 ቮልት ብቻ፣ ያለ ሸክም ቀስ ብሎ እንዲዞር ጠረጴዛው ላይ ተዉትና ሻይ አዘዙ። ካርቦኑ ፊቱን ከኮሙቴተሩ ጋር እስኪያስማማ ድረስ ማለት ነው። የውድድሩ ሰዎች አዲስ ካርቦን ሲያስገቡ ያደርጉ የነበረውም ይህንኑ ነው፤ በዝቅተኛ ቮልት ለጥቂት ደቂቃ ያዞሩታል፣ ከዚያ ነው ሜዳ የሚያወጡት። ጋሼ ይህን ከማንም አልሰሙም። ካርቦንና መዳብ ምን እንደሚፈልጉ የሚያውቅ እጅ ከየትም ቢነሳ እዚያው ይደርሳል። ሻዩ ሳያልቅ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ መጀመሪያ ላይ የነበረው ጭርጭርታ ጠፍቶ አንድ ወጥ ሆነ። ጋሼ ጆሯቸውን ሳያስጠጉ ሰሙት፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ለረዳታቸው ግጠመው አሉት።

የሲኖትራኩ ሞተሪኖም በዚያው ቀን ተገጣጠመ። ሙከራው አጭር ነው። ሞርሳው ላይ አጥብቀው አስረው ከሁለቱ ባትሪዎች ጋር ለአንድ ሁለት ሰኮንድ ብቻ አገናኙት፤ እንዲህ ዓይነት ሞተር ሸክም ከሌለው ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ራሱን ሊበትን ይችላል። በጨለማው ጥግ ኮሙቴተሩን በሞተሪኖው መስኮት አዩ፤ ከካርቦኑ ሥር የታየው ጥቂት ሰማያዊ ብልጭታ ብቻ ነበር፣ ዙሪያውን የሚሮጥ እሳት አልነበረም። ጥርሱ ወጥቶ እንደሚመለስ ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ሹፌሩ መኪናው ሥር ገብቶ ገጠመው፣ በዛገው ምትክም አዲስ ገመድ አሰረ።

ጋሼ ክፍያውን ሲቀበሉ አንድ ትእዛዝ አከሉበት። በሚቀጥለው ምልልስ መኪናው ሲቆም የመስኮቱን ክዳን ብቻ ፈትቶ ኮሙቴተሩን እንዲያይ። መዳቡ ወጥ የሆነ ቡናማ ቀለም ይዞ ካገኘው ካርቦኑ ተመችቶታል፣ አይንካው፣ እንዲያብረቀርቅም አይፈግፍገው። አንድ ሁለት ቁራጭ ብቻ ጠቁረው ካገኘ ግን ከእነሱ ሥር ያለው ሊድ ለቋል፤ ሞተሪኖው በአዋሽ በኩል ሳይሻገር እዚያው ፔካ 12 ይውረድ።